አምስት ለዜሮ እየተመሩ

እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 10 ቀን 2019፣ ሰርዲኒያ ደሴት። በካሊያሪ ስታዲየም 65ኛው ደቂቃ ላይ ናይንጎላን አምስተኛዋን ጎል አገባ። ካሊያሪ 5፣ ፊዮረንቲና 0። አምስቱን ጎሎች አምስት የተለያዩ ተጫዋቾች ናቸው ያስቆጠሩት። ከእነሱ አንዱ ጆቫኒ ሲሜኦኔ፣ በዚያው ክረምት ከፊዮረንቲና ወደ ካሊያሪ የሄደ አጥቂ ነው። ለእንግዶቹ ከዚህ የባሰ ቀን የሚመጣ አይመስልም።

እንዲህ ባለ ጨዋታ ውስጥ የቀሩት 25 ደቂቃዎች ምን እንደሚመስሉ ኳስ የሚከታተል ሁሉ ያውቃል። መሪው ጉልበቱን ለሚቀጥለው ሳምንት ይቆጥባል። ተመሪው ዳኛው ፊሽካውን ቶሎ ነፍቶ እንዲገላግለው ይመኛል። ማንም ባይሮጥ ማንም አይወቅሰውም፤ ውጤቱ አንዴ ተወስኗልና።

በ75ኛው ደቂቃ ፊዮረንቲና አንድ አገባ። በ87ኛው ደገመ። ሁለቱንም ያስቆጠረው የ19 ዓመቱ ሰርቢያዊ ዱሻን ቭላሆቪች ነው። ጨዋታው 5 ለ 2 አለቀ፤ በማግስቱም ወሬው ሁሉ ስለ ሽንፈቱ ሆነ። ለልጁ ግን እነዚያ ሁለት ጎሎች በጣሊያን ሴሪ ኤ የመጀመሪያዎቹ ነበሩ። ሊጉ ውስጥ ከተሰለፈ ዓመት አልፎት፣ ያለ አንዲት የሊግ ጎል ሲጠብቅ ኖሮ፣ ያገኛት ቡድኑ በተዋረደበት ቀን ነው።

የቭላሆቪች ስም ሲነሳ አብዛኛው ሰው የሚያስታውሰው ጁቬንቱስ የከፈለበትን 70 ሚሊዮን ዩሮ ነው። እኔ ግን ተስፋ ሊቆርጥ የደረሰ ወጣት ባገኘሁ ቁጥር ማንሳት የምወደው ከዚያ በፊት ያሉትን ስድስት ዓመታት ነው። በእነሱ ውስጥ ብዙ ሰው ሰምቶት የማያውቅ፣ ለእኛም በቀጥታ የሚጠቅም ነገር አለ።

ቭላሆቪች ጃንዋሪ 28 ቀን 2000 ቤልግሬድ ተወለደ። ኳስ የጀመረው ዜሙን በሚባለው የከተማዋ ክፍል፣ አልቲና በተባለ ትንሽ ክለብ ነው። በኦኤፍኬ ቤልግሬድና በሬድ ስታር ታዳጊ ቡድኖች አልፎ መጨረሻ ላይ ፓርቲዛን ደረሰ። ከሬድ ስታር ወደ ፓርቲዛን መሻገር ቤልግሬድ ውስጥ ቀላል ነገር አይደለም። ሁለቱም ክለቦች የተመሠረቱት በ1945 ነው፣ ስታዲየሞቻቸው በእግር የሚያስኬድ ርቀት ላይ ናቸው፣ ደጋፊዎቻቸው ከተማዋን ለሁለት ይካፈሏታል። ግጥሚያቸውን ሰርቦች ዘላለማዊው ደርቢ ይሉታል። ትሪቡኑ በጭስና በርችት ይሸፈናል፤ ታላላቅ ተጫዋቾች ሳይቀሩ እግራቸው የሚብረከረክበት ጨዋታ ነው።

ፓርቲዛን በፌብሩዋሪ 2015 ፕሮፌሽናል ውል አስፈረመው። ልጁ 15 ዓመት ከሞላው ገና ሳምንታት ነበሩ። በዓመቱ፣ ፌብሩዋሪ 21 ቀን 2016፣ ለዋናው ቡድን ተሰለፈ፤ ተጋጣሚው ደግሞ በልጅነቱ የሰለጠነበት ኦኤፍኬ ቤልግሬድ ነበር። በስድስተኛው ቀን በደርቢው ተጫወተ፤ ዕድሜው 16 ዓመት ከ30 ቀን። በዚያ ግጥሚያ ታሪክ እንደሱ ትንሽ ሆኖ የተሰለፈ አልነበረም። ኤፕሪል ላይ በራድኒክ ሱርዱሊትሳ ላይ የመጀመሪያ ጎሉን አገባ። ሜይ ላይ በሰርቢያ ዋንጫ ፍጻሜ ፓርቲዛን ያቮር ኢቫኒትሳን 2 ለ 0 ሲያሸንፍ እሱም አስቆጠረ። የእኩዮቹ ጭንቀት የትምህርት ቤት ፈተና በሆነበት ዕድሜ እሱ የዋንጫ ሜዳልያ አንገቱ ላይ አጥልቆ ነበር።

አሁን ሌላውን ቁጥር ልንገራችሁ። ቭላሆቪች በፓርቲዛን ቆይታው 21 የሊግ ጨዋታዎች አድርጎ ያገባው 1 ጎል ብቻ ነው።

አንድ! ገና በ16 ዓመቱ ብርቅዬ የተባለ፣ የአውሮፓ ክለቦች መልማዮች ዓይናቸውን የጣሉበት አጥቂ ነው። ይህን ቁጥር የማነሳው ልጁን ላሳንስ አይደለም። ወጣቶችን በለጋነታቸው በቁጥር የመለካት ልማዳችን ስንት ሰው እንደሚያሳጣን ስለሚያሳየኝ ነው። አንድ ሰው ያን ጊዜ የውጤት ወረቀቱን ብቻ ይዞ ቢፈርድ ኖሮ፣ "ወሬ ብቻ ነው፣ ጎል አያገባም" ብሎ ይዘጋው ነበር። በየቤቱ፣ በየመሥሪያ ቤቱ፣ በየክፍሉ ስንት ልጅ በእንዲህ ያለ ወረቀት ተዘግቷል? እናንተስ ራሳችሁን ስንት ጊዜ ዘግታችሁ ይሆን?

ሰርቢያ ተሰጥኦ አጥታ አታውቅም። ሕዝቧ 7 ሚሊዮን አይሞላም፤ ሆኖም በ2015 ኒውዚላንድ ላይ ከ20 ዓመት በታች የዓለም ዋንጫን ወስዳለች፤ ያውም በፍጻሜው ብራዚልን በተጨማሪ ሰዓት 2 ለ 1 ረትታ። ከዚያ ቡድን እንደ ሰርጌይ ሚሊንኮቪች ሳቪች ያሉት ላዚዮን በመሰለ ክለብ ውስጥ ስማቸውን ተከሉ። አንዳንዶቹ ግን ያን ምሽት ኦክላንድ ላይ ዋንጫውን ሲያነሱ የተጠበቀላቸው ከፍታ ላይ አልደረሱም። ችሎታቸውን ማንም አይጠራጠርም። ችሎታ ካለ በኋላ የሚመጣው ነገር ግን ለሁሉም እኩል አይሄድም፤ የቭላሆቪች ታሪክ የሚገርመኝ እዚህ ላይ ነው።

በ2017 ከፊዮረንቲና ጋር ተስማማ። ግን መሄድ አልቻለም። የፊፋ ደንብ ዕድሜው 18 ዓመት ያልሞላ ተጫዋች ከአገር ወደ አገር እንዳይዛወር ይከለክላል። ለአውሮፓ ኅብረት አባል አገራት ልጆች ከ16 ዓመት ጀምሮ የተፈቀደ ልዩ በር አለ፤ ሰርቢያ ግን የኅብረቱ አባል አይደለችም። ስለዚህ ጣሊያናዊ ወይም ፈረንሳዊ እኩያው ሻንጣውን ይዞ በሚሄድበት ዕድሜ እሱ ቤልግሬድ ቁጭ ብሎ መጠበቅ ነበረበት። ለፓርቲዛንም ቢሆን ሊሄድ የተቃረበ ልጅ ነበር፤ በዚያ የውድድር ዓመት በሊግ አልተሰለፈም። የ17 ዓመት እግር ኳስ ተጫዋች ያለ ጨዋታ አንድ ዓመት መቆየት ማለት ምን እንደሆነ አስቡት። የሚጠብቀው ነገር መልካም ነው፤ ቀኑ ግን አይደርስም። ማለዳ ተነስቶ ልምምድ ይሠራል፣ ቅዳሜና እሁድ ሌሎች ሲጫወቱ ያያል። የዲቪ ወረቀት የሚጠብቅ፣ የስኮላርሺፕ መልስ የሚጠብቅ ሰው ይህን ስሜት ያውቀዋል።

እንዲህ ያለውን ጊዜ ሁላችንም እንደ ባዶ ጊዜ እናየዋለን። "ያ ነገር ከተሳካ በኋላ" እያልን ዛሬን እንሰርዛለን። ቭላሆቪች ያን ዓመት ሰርዞት ቢሆን ኖሮ፣ ጁላይ 2018 ላይ 2 ሚሊዮን ዩሮ ገደማ በሆነ ዋጋ የፊዮረንቲና ከተማ ፍሎረንስ ሲደርስ የጠበቀውን ነገር አይችለውም ነበር።

የጠበቀው ዋናው ቡድን አልነበረም። አብዛኛውን ጊዜ የተጫወተው ጣሊያኖች ፕሪማቬራ በሚሉት የወጣቶች ሊግ፣ ከፊዮረንቲና ታዳጊዎች ጋር ነው። ዘላለማዊውን ደርቢ ተጫውቷል፣ በአገሩ ዋንጫ ፍጻሜ ጎል አግብቷል፤ ከሁለት ዓመት በኋላ ደግሞ ጢም ካላበቀሉ ልጆች ጋር እንዲጫወት ተነገረው። በአገሩ የጋዜጣ ርዕስ የነበረው ልጅ በባዕድ አገር፣ ቋንቋውን ገና እየተማረ፣ አንድ ደረጃ ወርዶ ጀመረ።

ጽሑፌ ሁሉ ቢረሳ ይህቺ እንድትቀርላችሁ እፈልጋለሁ፦ ልጁ የወረደበትን ቦታ አልናቀውም። በወጣቶች ቡድኑ ጎል አገባ፣ ሮጠ፣ ቡድኑም የዚያን ዓመት የወጣቶች የጣሊያን ዋንጫን አነሳ። በዋናው ቡድን በኩል በሴፕቴምበር 2018 ከኢንተር ጋር ተቀይሮ ገብቶ ሊጉን አሐዱ አለ። በዚያ የውድድር ዓመት 10 የሊግ ጨዋታ አድርጎ ያገባው ጎል ግን የለም። ከላይ ባዶ፣ ከታች ዋንጫ። ብዙዎቻችን ብንሆን የታችኛውን ዋንጫ ከቁም ነገር አንቆጥረውም ነበር። የላይኛው ባዶ ይከነክነናል፣ እንቅልፍ ይነሳናል፣ በመጨረሻም የታችኛውን ሥራ በግማሽ ልብ እንድንሠራ ያደርገናል። አገር ቀይሮ፣ ሙያ ቀይሮ፣ ወይም ትልቅ ማዕረጉን ጥሎ እንደ ጀማሪ የተቀመጠ ሰው ሁሉ ይህን ፈተና ያልፋል። በአገሩ የክፍል ኃላፊ የነበረ ሰው በስደት አገር የምሽት ፈረቃ ሠራተኛ ይሆናል። ዋናው ጥያቄ ያን ሥራ በሙሉ ልብ ይሠራዋል ወይ የሚለው ነው።

ከዚያ ትንሽ በትንሽ መከፈት ጀመረ። ኦገስት 2019፣ በጣሊያን ዋንጫ ተጋጣሚው ሞንዛ 1 ለ 0 ሲመራ ቭላሆቪች ሁለት አግብቶ ጨዋታውን ገለበጠው፤ 3 ለ 1 አለቀ። ቀጥሎ የካሊያሪው ቀን መጣ። ከአምስት ሳምንት በኋላ፣ ዲሴምበር 15፣ ደግሞ ኢንተር ፍሎረንስ መጣ።

ያቺን ጎል ያላያችሁ ፈልጋችሁ እዩዋት። ኢንተር የሊጉ አናት ላይ ለመቀመጥ የሚታገል፣ በአንቶኒዮ ኮንቴ የሚሰለጥን ቡድን ነው። ገና በ8ኛው ደቂቃ የቀድሞው የፊዮረንቲና ልጅ ቦርሃ ቫሌሮ አግብቶ ኢንተር 1 ለ 0 እየመራ ነው። ሰዓቱ 92ኛው ደቂቃ ላይ ደርሷል። ኳሷ ለቭላሆቪች ደረሰችው፤ ከፊቱ ሰፊ ሜዳ አለ፣ ከጎኑ ደግሞ በዚያ ዘመን በጣሊያን ከነበሩት ጠንካራ ተከላካዮች አንዱ ሚላን ሽክሪኒያር። ልጁ ኳሷን ይዞ ወደ ፊት ተፈተለከ። ሽክሪኒያር ትከሻውን አስገብቶ ሊያስቀረው ሞከረ፣ አልቻለም። የፍጹም ቅጣት ክልል ውስጥ ሲደርስ በግራ እግሩ መታት፤ በረኛው ሃንዳኖቪች እጁን ዘረጋ፣ አልደረሰባትም። 1 ለ 1። በ92ኛው ደቂቃ እንዲህ የሚሮጥ እግር በዚያች ቀን አልተገኘም። በቤልግሬዱ የመጠበቅ ዓመት፣ በፕሪማቬራ ሜዳዎች፣ ማንም ካሜራ ሳይቀርጸው የተሠራ እግር ነው።

ሆኖም ከዚህ በኋላ መንገዱ ሁሉ አልጋ በአልጋ ሆነ ማለት አይደለም። በማርች 2020 ኮሮና ከያዛቸው የሴሪ ኤ ተጫዋቾች አንዱ ሆነ። የውድድር ዓመቱን በ6 የሊግ ጎል ጨረሰ። በ2020 መኸር ስለ እሱ የሚጽፉ ሰዎች ከ"ተስፋ ያለው" የሚለው ቃል አልወጡም። በኖቬምበር ፊዮረንቲና አሰልጣኝ ለወጠ፤ የመጡት ቼዛሬ ፕራንዴሊ ነበሩ።

ስለ ፕራንዴሊ ዘርዘር አድርጌ ልናገር፤ የዚህ ታሪክ ሁለተኛው ጀግና እሳቸው ናቸውና። ጣሊያንን በ2012 የአውሮፓ ዋንጫ ለፍጻሜ ያበቁ አሰልጣኝ ናቸው። ከዚያ በፊት በፊዮረንቲና የመጀመሪያ ዘመናቸው ሉካ ቶኒ በአንድ የውድድር ዓመት 31 የሊግ ጎል ሲያስቆጥር አሰልጣኙ እሳቸው ነበሩ። ማለትም ረጅም የመሃል አጥቂ ሲያዩ ምን ማድረግ እንደሚቻል ያውቃሉ። ቡድኑ ወደ መውረጃው ተጠግቶ በሚጨነቅበት በዚያ ሰዓት፣ ልምድ ያለው አጥቂ ፍለጋ ከመሮጥ ይልቅ የ20 ዓመቱን ልጅ ዘጠኝ ቁጥር አድርገው አቆሙት፤ ጎል ባጣባቸው ሳምንታትም አላወረዱትም።

ዲሴምበር 22 ቀን 2020 ፊዮረንቲና ወደ ቱሪን፣ ወደ ጁቬንቱስ ሜዳ ሄደ። ጁቬንቱስ ተከታታይ ዘጠኝ ጊዜ ሻምፒዮን የሆነ ቡድን ነው። ጨዋታው በተጀመረ በ3ኛው ደቂቃ ፍራንክ ሪቤሪ በተከላካዮች መካከል ሰንጥቆ አቀበለው። ቭላሆቪች ለብቻው ከበረኛው ጋር ተፋጠጠ፤ ኳሷን በእርጋታ ከላዩ አሻግሮ ጨመራት። ፊዮረንቲና 3 ለ 0 አሸነፈ። የ37 ዓመቱ ሪቤሪ አቀባይ፣ የ20 ዓመቱ ልጅ አግቢ! ከአጠገባቸው ያለውን አንጋፋ ለመጠየቅ ለሚያፍሩ ወጣቶች ሁሉ ያቺን ቅብብል ባሳያቸው ደስ ይለኛል። የሚያምንባችሁ አንድ ፕራንዴሊ፣ ኳሷን በልኩ የሚያደርሳችሁ አንድ ሪቤሪ ፈልጉ። በየሙያው አሉ፤ ቀርቦ የሚጠይቃቸው ነው የጠፋው።

ከዚያ ወዲያ ጎርፉ መጣ። ማርች 13 ቀን 2021 ቤኔቬንቶ ላይ ሐት-ትሪክ ሠራ፤ ሦስቱንም በመጀመሪያው አጋማሽ። በአሥረኛው ቀን ፕራንዴሊ በቃኝ ብለው ሥራቸውን ለቀቁ። ያመነብህ ሰው ሲሄድ አብሮ መውደቅ ይመጣል፤ ልጁ ግን በማግስቱ ቤልግሬድ ላይ ሰርቢያ አየርላንድን 3 ለ 2 ስታሸንፍ ለብሔራዊ ቡድኑ የመጀመሪያ ጎሉን አገባ። በኤፕሪል ደግሞ ከጁቬንቱስ ጋር በተደረገ ጨዋታ ፍጹም ቅጣት ምቱን በፓኔንካ፣ ማለትም ዝግ ብሎ ከመሃል ከፍ አድርጎ፣ አስቆጠረ። የድፍረቱ ልክ! የውድድር ዓመቱን በ21 የሊግ ጎል ሲያጠናቅቅ ከፊቱ የነበሩት ሮናልዶ፣ ሉካኩና ሙሪኤል ብቻ ናቸው፤ ያውም ቡድኑ 13ኛ ወጥቶ። የሴሪ ኤ ምርጥ ወጣት ተጫዋች ተባለ።

በኦክቶበር 2021 የክለቡ ፕሬዝዳንት ሮኮ ኮሚሶ ልጁ የቀረበለትን አዲስ ውል እንዳልተቀበለ በይፋ አስታወቁ። የፍሎረንስ ደጋፊ ከፋው። እኔ እዚህ ላይ የሁለቱም ወገን ስሜት ይገባኛል፤ ክለቡ አሳድጎታል፣ ልጁም የራሱን መንገድ የመምረጥ መብት አለው። የማደንቀው ግን ከዚያ በኋላ ያደረገውን ነው። በየሳምንቱ ስሙ በሚነሳበት፣ ከየአቅጣጫው ወቀሳ በሚሰማበት በእነዚያ ወራት ማሊያውን አልበደለም። በዚያ የውድድር ዓመት ከመሄዱ በፊት በ21 የሊግ ጨዋታ 17 ጎል አገባ። ልብ በሉ፦ በፓርቲዛን 21 ጨዋታ 1 ጎል፣ በፍሎረንስ የመጨረሻ ወራት 21 ጨዋታ 17 ጎል። ሰውየው ያው ነው። በመካከላቸው ያለው የዓመታት ልምምድ፣ መጠበቅ፣ መውረድና እንደገና መነሳት ነው። በ2021 ዓመት ውስጥ በጠቅላላው 33 የሴሪ ኤ ጎል አስቆጥሯል፤ ሮናልዶ በ2020 በጁቬንቱስ ካገባው ጋር እኩል ነው።

ጃንዋሪ 28 ቀን 2022፣ 22ኛ ልደቱ በዋለበት ዕለት፣ ለጁቬንቱስ ፈረመ። ፌብሩዋሪ 6 የመጀመሪያ ጨዋታውን ከቬሮና ጋር ሲያደርግ 13ኛው ደቂቃ ላይ አገባ። ፌብሩዋሪ 22 ደግሞ ስፔን ውስጥ፣ በቪያሪያል ሜዳ፣ በሕይወቱ የመጀመሪያውን የቻምፒዮንስ ሊግ ጨዋታ ጀመረ። በሴሪ ኤ የመጀመሪያ ጎሉን ለማግኘት ከዓመት በላይ የጠበቀው ልጅ በዚህኛው መድረክ የጠበቀው 32 ሰከንድ ብቻ ነው። ከኋላ የተጣለችውን ረጅም ኳስ በደረቱ ተቀበለ፣ ዞረ፣ ከመረብ ጋር አገናኛት።